የገማቹ ወንበር፦ የመሬትና የቤት ዋጋ ግመታ በኢትዮጵያ ታሪክ

(በትምህርት ክፍሉ የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል)



 የዛሬው ንግግሬ ስለ መሬትና ቤት ዋጋ ግመታ ነው። ርእሱ ሲሰማ የመሐንዲስና የባንክ ሠራተኛ ጉዳይ ይመስላል፤ የታሪክ ሰው በዚህ ምን አገባው የሚል ጥያቄም ሊያስነሣ ይችላል። መልሴ አጭር ነው። አንድ መንግሥት መሬትን እንዴት እንደሚገምት የመረመረ ሰው፣ ያ መንግሥት ከሕዝቡ ጋር ያለውን ግንኙነት ከብዙ አዋጅ መግቢያ ይልቅ አጥርቶ ያያል።

ንግግሬን ከቃላት ልጀምር። በአማርኛ ለዚህ ሥራ ሁለት ቃላት አሉን፤ «ግመታ» እና «ትመና»። «ገመተ» ስንል በተገኘው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ወደ እውነቱ የሚጠጋ ነገር መናገር ማለታችን ነው፤ በዕለት ንግግራችን ውስጥ «በግምት» ማለት «በእርግጠኝነት ባይሆንም» ማለት ነው። «ተመነ» ግን ወሰነ፣ ዋጋ ቈረጠ ማለት ነው፤ ተመን የወጣለት ዕቃ ላይ ክርክር የለም። ሙያው በባሕርዩ ግመታ ነው፤ በሀገራችን ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ የተፈጸመው እንደ ትመና ነው። በአስተያየት የተነሣው ቍጥር ባለይዞታው ዘንድ ሲደርስ ውሳኔ ሆኖ ይደርሳል። የዛሬው ንግግሬ የሚያተኵረው በዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ግመታ ለምን ያስፈልጋል?

በገበያ ቀን ጤፍ የሚሸጥና የሚገዛ ሰው ገማች አያስፈልገውም። ዕቃው ተመሳሳይ ነው፣ ሻጩም ገዢውም ብዙ ነው፣ ዋጋው በየሳምንቱ ይታወቃል። መሬትና ቤት እንዲህ አይደሉም። እያንዳንዱ ቦታ ከሌላው ይለያል፤ አንድ ቤት በአንድ ትውልድ ውስጥ አንድ ጊዜ ቢሸጥ ነው። ከዚህም በላይ የንብረቱ ዋጋ መታወቅ ያለበት ብዙውን ጊዜ ሽያጭ በሌለበት አጋጣሚ ነው፤ ወራሾች ርስት ሲካፈሉ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ባንክ ብድር ሲሰጥ፣ መንግሥት ግብር ሲጥል ወይም ለሕዝብ ጥቅም ብሎ ቦታ ሲያስለቅቅ። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት ወገኖች በአንድ ቍጥር መተዳደር አለባቸው፤ ቍጥሩን ግን ገበያ አልነገራቸውም። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ይጠራል። ያ ሰው ገማቹ ነው።

ሙያው በዓለም ዙሪያ ሦስት መንገዶችን ይጠቀማል። የመጀመሪያው በአካባቢው ከተሸጡ ተመሳሳይ ንብረቶች ዋጋ ጋር ማነጻጸር ነው። ሁለተኛው ንብረቱ ከሚያስገኘው ገቢ ተነሥቶ ዋጋውን ማስላት ነው። ሦስተኛው ተመሳሳይ ቤት ዛሬ ለመሥራት ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ መተመን ነው። ስሞቹ አዲስ ቢሆኑም አሠራሮቹ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደሉም። ሦስቱንም በታሪካችን ውስጥ እናገኛቸዋለን።

በብራና ህዳግ የተጻፈ ዋጋ

በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደርና በአካባቢው የመሬት ሽያጭ ይፈጸም እንደነበር የምናውቀው በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ህዳግና ባዶ ገጾች ላይ ከተጻፉ ማስታወሻዎች ነው። ማስታወሻዎቹ የሻጩን፣ የገዢውን፣ የምስክሮቹንና የዋሱን ስም ከነ ዋጋው ይይዛሉ። ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ በአሞሌ ጨው፣ ኋላም በማርያ ቴሬዛ ብር ተገልጿል። ገዢው ይህን የሚያስጽፈው ነገ የሻጩ ዘመድ ተነሥቶ «ርስቴ ነው» ቢል መከራከሪያ እንዲሆነው ነው።

ለዛሬው ርእሳችን አንድ ነጥብ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በዚያ ዘመን ዋጋው በአደባባይ፣ በምስክር ፊት፣ በተከበረ መጽሐፍ ላይ ሲጻፍ እውነተኛውን ዋጋ ማስጻፍ ለገዢው ጥቅም ነበረ። በመሆኑም ከኋላ የመጣ ሰው ሊያነጻጽርበት የሚችል የዋጋ መዝገብ ቀርቶልናል። ወደዚህ ነጥብ በስተመጨረሻ እመለሳለሁ።

ቃላድ፣ ለምና ጠፍ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ግዛት እየሰፋ ሲሄድ መሬትን በስፋት የመለካት ሥራ ተጀመረ። መለኪያው ቃላድ የሚባለው ገመድ ነበር፤ በተለይም በደቡብ የሀገሪቱ ክፍል መሬቱ በቃላድ እየተለካ በጋሻ ተከፋፈለ። አንድ ጋሻ በግርድፉ 40 ሄክታር ያህል ነው። ሆኖም ስፋት ብቻውን ለግብር አይበቃም፤ ጥቍር አፈርና ድንጋያማ ተዳፋት እኩል አይከፍሉምና። ስለዚህ መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ደረጃ ተመደበ።

ይህ ምደባ ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሕግ ጸና። በ1934 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ አንድ ጋሻ ለም 15፣ ለም ጠፍ 10፣ ጠፍ 5 ብር እንዲከፍል ተወሰነ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ አሥራቱ በገንዘብ ተተምኖ ሲጨመርበት የተለካ መሬት ጠቅላላ ክፍያ ለለም 50፣ ለለም ጠፍ 40፣ ለጠፍ 15 ብር ሆነ።

እነዚህን ቍጥሮች በጥሞና እንመልከታቸው። ስፋታቸው እኩል የሆነ ሁለት ጋሻዎች በአንድ ቃል ልዩነት በየዓመቱ የ35 ብር ልዩነት ይሸከማሉ። ቃሉን የሚናገረው ደግሞ መሬቱን ለመመደብ የተላከው ሹም ነው። መሬቱ ለም ይሁን ጠፍ አፈሩ ይመሰክራል ብለን እናስብ ይሆናል፤ ዳሩ ግን መዝገቡ ላይ የሚጻፈው አፈሩ ሳይሆን ሹሙ ያለው ነው። ደጅ የሚጠናለት ባለርስት ለሙን በጠፍ የማስመዝገብ ዕድል ነበረው፤ ተናጋሪ የሌለው ገበሬ ግን ጠፉ ለም ተብሎ ቢጻፍበት ወደ ማን ይጮኻል?

አሥራት በእህል ይከፈል በነበረበት ዘመን ደግሞ ገማቹ በእርሻው መካከል ይገኝ ነበር። ሰብሉን ዐይቶ ምን ያህል እንደሚወጣው ይናገራል፤ ከዚያ ላይ አሥረኛው ይወሰዳል። ይህ የገቢ ስሌት ነው፤ ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ከምናስተምረው ሁለተኛው መንገድ በመርሑ አይለይም። ችግሩ የነበረው በሥልጣኑ አሰላለፍ ላይ ነው። ገበሬው ገማቹ እስኪመጣ ሰብሉን ለማንሣት አይደፍርም። ገማቹ በዘገየ ቍጥር ዝናብና አውሬ ይፈራረቁበታል። ገማቹ ሲመጣ ይስተናገዳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል። የግምቱ ትክክለኛነት ከመታየቱ በፊት የግመታው ወጪ ራሱ ሌላ ግብር ነበረ።

ጎጃም፣ 1960 ዓ.ም.

በ1960 ዓ.ም. አሥራትን የሚሽርና በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የሚጥል አዋጅ ወጣ። በመርሕ ደረጃ ሲታይ አዋጁ ከቀደመው የተሻለ ነበር፤ ብዙ ያገኘ ብዙ እንዲከፍል፣ ጥቂት ያገኘ ጥቂት እንዲከፍል የሚያደርግ ነውና። በጎጃም ግን ዐመፅ አስነሣ። መንግሥት ጦር እስከማዝመት ደረሰ፤ በመጨረሻም ሹማምንትን ለወጠ፣ ውዝፍ ግብርንም ማረ፤ አዋጁ በጠቅላይ ግዛቱ እንደታሰበው ሳይሠራ ቀረ።

ለዐመፁ ብዙ ምክንያቶች ይጠቀሳሉ፤ ከእነዚህም መካከል የሹማምንቱ አስተዳደር አንዱ ነው። ለርእሳችን የሚጠቅመው ግን የሚከተለው ነው። ገቢን ለመገመት ገማቾች ወደ እርሻው መግባት ነበረባቸው። ለርስት ባለቤቱ ጎጃሜ የገማች መምጣት የቃላድ መምጣት ቅድመ ምልክት ነበር፤ ቃላድ ደግሞ በደቡብ ምን እንዳስከተለ ሰምቷል። መሬቱን የለካ ነገ መሬቱን ይወስዳል የሚል ስጋት አደረበት። ገበሬው የተቃወመው የግብሩን መጠን ብቻ አልነበረም፤ መገመቱን ራሱንም ነበረ። ከዚህ የምንማረው ግመታ በጎ መርሕ ስላለው ብቻ ተቀባይነት እንደማያገኝ ነው። ሕዝቡ ገማቹን የሚመዝነው ከእርሱ በፊት በመጡት ገማቾች ሥራ ነው።

የ1948 ሕገ መንግሥትና የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ

በዚያው ዘመን በወረቀት ላይ ሌላ ነገር ተጽፎ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ንብረቱ ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ሰው ተገቢ ካሳ እንዲከፈለው፣ በመጠኑ ስምምነት ከጠፋም በዳኝነት ሥርዓት እንዲወሰን ደነገገ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህንኑ ዘርዝሮ ካሳውን የሚገምት ኮሚቴ እንዲኖር፣ ካሳው በርግጥ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል እንዲሆን፣ በግምቱ ቅር የተሰኘ ወገንም ወደ ፍርድ ቤት ይግባኝ እንዲል ፈቀደ። ገማቹ ከትመና ወደ ግመታ የወረደው፣ ቃሉም የሚመረመር የሆነው በእነዚህ ሕጎች ነው። የሕጉ ዕድሜ ግን ረጅም አልሆነም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌ 19 ቀን ደግሞ በአዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። ለቤተሰብ የሚፈቀደው የመኖሪያ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ለቦታው ካሳ እንደማይከፈል በግልጽ ተደነገገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 300 ብር የሆነ ቤቶች ኪራይ እንደየደረጃው ተቀነሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትም በቀበሌ እጅ ገቡ።

አዋጁ በአከራይና በተከራይ መካከል የነበረውን መራራ ግፍ ለማስወገድ ያለመ እንደነበር መካድ አይገባም። የኪራዩ ቅነሳ ለብዙ ድሃ የከተማ ነዋሪ ትልቅ እፎይታ ነበር። ከግመታ ታሪክ አንጻር ሲታይ ግን በአንድ ቀን ሁለት ነገሮች ተከሠቱ። በመጀመሪያ ደረጃ ቦታ በሕግ ፊት ዋጋ የሌለው ነገር ሆነ። ከዚያ ወዲያ ሊገመት የሚችለው በቦታው ላይ ያረፈው ግንብ፣ ጭቃ፣ ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት ብቻ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ኪራዩ በአዋጅ ስለተቈረጠ ከኪራይ ተነሥቶ ዋጋን ማስላት ትርጕም አጣ። የማነጻጸሪያ ሽያጭም ከአደባባይ ጠፋ። ከሦስቱ መንገዶች ሁለቱ ተዘጉ፤ የቀረው የግንባታ ወጪ ስሌት ብቻ ሆነ። አንድ ትውልድ ሙሉ መሐንዲስ ገማች የሆነው፣ ገማችነትም የሲሚንቶና የብረት ቈጠራ መስሎ የታየው ከዚህ የተነሣ ነው።

ቦታው ሲሸጥና ቦታው ሲወሰድ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ አጸና፤ ዜጋው በመሬቱ ላይ በጕልበቱና በገንዘቡ ያፈራው ንብረት ግን የራሱ እንደሆነ፣ ሲወሰድበትም ተመጣጣኝ ካሳ እንደሚከፈለው ደነገገ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ የሚሰጥበት ሥርዓት ተጀምሯል፤ ሕጉ በ1994 እና በ2004 ዓ.ም. ተሻሽሏል።

ሊዝ ከመጣ በኋላ ቦታ እንደገና ዋጋ አገኘ። በ2007 ዓ.ም. በመርካቶ ለጨረታ ለቀረበ ቦታ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ ቀርቦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ለግንባታው ሳይሆን ለባዶው ቦታ የቀረበ ዋጋ ነው።

በሌላ በኩል በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 455 ቦታ ሲወሰድ ለቤት የሚከፈለው ካሳ ቤቱን መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ እንዲሰላ ደነገገ። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ዓይነት ዕቃ፣ በአንድ ዓይነት ስፋት የተሠሩ ሁለት ቤቶች አሉ እንበል፤ አንዱ ፒያሳ ነው፣ ሌላው ከከተማው ዳር። ሁለቱ ለሽያጭ ቢወጡ ዋጋቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ለካሳ ሲገመቱ ግን የግንባታ ወጪያቸው አንድ ስለሆነ ካሳቸው ይቀራረባል። ባለቤቶቹ ምትክ ቦታ ቢሰጣቸውም ምትኩ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከከተማው ዳር ነው።

ለዚህ አሠራር የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። የፒያሳን ቦታ ውድ ያደረገው መንገዱ፣ ገበያውና የሕዝቡ ምልልስ ነው፤ ሕዝብ የፈጠረውን ዋጋ አንድ ግለሰብ ለምን ይወስደዋል? ይላሉ። መከራከሪያው በራሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን የተነሣው ሰው የሚያጣው ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛውን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ዕድሩን፣ በእግሩ ይደርስበት የነበረውን ሥራ ያጣል። የአካባቢ ዋጋ የምንለው የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው። አንድ ተቋም ያንኑ ቦታ ሲሸጥ የአካባቢውን ዋጋ በጨረታ ፈልጎ እያገኘ፣ ሲወስድ ግን ከስሌቱ ሲያወጣው ተነሺው ግምቱን ፍትሐዊ ነው ብሎ ሊቀበል ይቸገራል።

በገጠሩ ደግሞ ስሌቱ ከገቢ ይነሣል። በ1997ቱ አዋጅ መሬቱ ለዘለቄታው የሚወሰድበት ገበሬ የቀደሙት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ይከፈለው ነበር። ዐሥር እጥፍ ማለት ምን ማለት ነው? ገበሬው ገንዘቡን አስቀምጦ በየዓመቱ 10 በመቶ ቢወልድለት ብቻ የቀድሞ ገቢውን ሳይነካ ይኖራል ማለት ነው፤ ያውም የእህል ዋጋ ባለበት ከቆመ። መሬቱ ግን ለእርሱም ለልጆቹም የማያልቅ ገቢ ነበረ፤ የእህል ዋጋ ሲጨምርም ገቢው አብሮ ይጨምራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161 ይህን አሻሽሎ የሦስት ዓመቱን ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ይህ ከፍ ያለ ለውጥ ነው፤ የሚፈለገው ዓመታዊ ትርፍ ወደ 6.7 በመቶ ገደማ ወርዷል። ሆኖም ከሁለቱ አዋጆች ማባዣዎች ኋላ ያለው ቍጥር በገበሬው ፊት ተብራርቶ ሲነገር አይሰማም። ገበሬው 10 ወይም 15 ሲባል የሚሰማው እንደ ተመን ነው።

የሥልጣኑን አሰላለፍም ልብ በሉ። በ1997ቱ አዋጅ መሠረት ቦታው እንዲለቀቅ የሚወስነው የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ነበር፤ ግምቱን የሚሠራውን ኮሚቴ የሚሰይመውም እርሱ ነበር። በካሳው ላይ የሚቀርብ አቤቱታ የቦታውን ርክክብ አያዘገይም ነበር። በመሆኑም አቤት ባዩ የሚከራከረው ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነበር፤ የክርክሩ ዋና ማስረጃ በቦታው አልነበረም። የ2011ዱ አዋጅ አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ ማድረጉ ለዚህ ችግር የተሰጠ አንድ ምላሽ ነው።

ከእንግዲህ ወዲህ

ወደ ማጠቃለያዬ ልምጣ። ግመታ በሚቀጥሉት ዓመታት ከምንጊዜውም በላይ በሕይወታችን ውስጥ ይገባል። ባንኮች በ1990 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 97 መሠረት በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በጨረታ መሸጥ ይችላሉ፤ በብድሩ ቀን የተጋነነ ግምት የአስቀማጮችን ገንዘብ ለአደጋ ያጋልጣል፣ በሐራጁ ቀን ያነሰ ግምት ደግሞ የአንድ ቤተሰብን የዕድሜ ልፋት ያጠፋል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ በከተሞች ያለ እያንዳንዱ ቤት እንዲገመት ይጠይቃል። ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብለን ከመደብን ወዲህ እንዲህ ሰፊ የግመታ ሥራ ገጥሞን አያውቅም።

ታሪኩ ለዚህ ሥራ ሦስት መመዘኛዎችን ያቀብለናል። አንደኛ፣ ገማቹ ከሚወስደውም ከሚሰጠውም ወገን ነጻ ሊሆን ይገባል፤ የአሥራት ገማች ታሪክ ነጻ ያልሆነ ገማች ትክክለኛ ቍጥር ቢናገር እንኳ እንደማይታመን አሳይቶናል። ሁለተኛ፣ የተጠቀመበት መንገድና መነሻ መረጃው ለባለይዞታው በሚገባው ቋንቋ ሊገለጥለት ይገባል። ሦስተኛ፣ ግምቱ ንብረቱ ሳይጠፋ በፊት ሊመረመር ይገባል።

ከሦስቱ በፊት ግን መሠረት የሚሆን ነገር አለ፤ እርሱም መዝገብ ነው። ዛሬ በብዙ የቤት ሽያጭ ውሎች ላይ የሚጻፈው ዋጋ ግብርና የስም ማዛወሪያ ክፍያ ለመቀነስ ሲባል ከእውነተኛው ያነሰ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማዘጋጃ ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ የራሱን ግምት ይይዛል። እንግዲህ በመዝገብ ቤት ያለው ዋጋ ሻጩም፣ ገዢውም፣ ሹሙም የማያምኑበት ቍጥር ነው። የጎንደር ሰዎች እውነተኛውን ዋጋ በብራና ህዳግ ላይ ያስጻፉት ከእኛ ይልቅ እውነተኞች ስለነበሩ ነው ብዬ አላምንም፤ የጻፉት መዝገብ መብታቸውን ይጠብቅላቸው ስለነበረ ነው። የእኛ መዝገብ በዋነኛነት የሚያገለግለው ግብር ለመሰብሰብ ነው፤ ሰው ደግሞ ለሚያስከፍለው መዝገብ እውነቱን አይነግርም። እውነተኛ ዋጋ ያስመዘገበ ሰው ካሳ በሚገመትበት ቀን ያ መዝገብ የሚጠቅመው ከሆነ እውነቱን ለመናገር ምክንያት ይኖረዋል። እስከዚያው ድረስ ግን የምናሠለጥናቸው ገማቾች የቱንም ያህል የተማሩ ቢሆኑ የሚያነጻጽሩበት ነገር አይኖራቸውም።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ተማሪዎች መካከል አንዳንዶቻችሁ ነገ በዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። ከፊታችሁ የሚቀርበው ሰው ከቃላዱና ከአሥራቱ ዘመን የወረሰውን ጥርጣሬ ይዞ እንደሚመጣ አስቡ፤ ጥርጣሬውንም እንደ ድንቍርና አትቍጠሩበት።